ሦስት ዳኞች ለአንድ ዱባ

(ቡታጅራ፣ በጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት። የሙባሪክ ወጥ ቤት። ሙባሪክ ከፓስታ ካርቶን የሠራውን ረጅም ባርኔጣ ደፍቶ፣ ስልኩን ከስኳር ጣሳ ጋር አስደግፎ የምግብ አሠራር ቪዲዮ ያያል። አጠገቡ ጓደኛው ሸምሶ፣ የሀጂ ሰማን የበርበሬ ወፍጮ ሠራተኛ፣ ነጭ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ፓስታ በእቅፉ ይዞ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል።)

ሙባሪክ፦ አቁም! ፓስታ አይሰበርም አልኩህ!

ሸምሶ፦ ድስቱ አጭር ነው እኮ፣ ሙቤ።

ሙባሪክ፦ ድስቱ ካጠረ ፓስታው ምን አጠፋ?

ሸምሶ፦ እና ድስቱን ልስበረው?

ሙባሪክ፦ ያ ረቢ! ጣሊያን አገር ፓስታ የሰበረ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ?

ሸምሶ፦ ምን ይደረጋል?

ሙባሪክ፦ (ያስባል) ጎረቤት አያናግረውም።

ሸምሶ፦ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰብረው ነው የኖረችው። ጎረቤቱ ግን ሲያናግራት ነው የሚውለው። እንዲያውም «እባካችሁ ልረፍበት» እያለች ነው የምትለምናቸው።

ሙባሪክ፦ አንተ ፋራ! እናትህ የምትሠራው ሾርባ ነው። ይቺን ሴትዮ እያት፣ ስልኩ ላይ። ዱባዋን ጠበሰች፤ ፈጨች፤ ፓስታውን ሳትሰብር እንዳለ ገለበጠችበት። ስሙ ምን መሰለህ? የመከር ፓስታ!

ሸምሶ፦ መከር ገና ነው እኮ። የእኛ ጤፍ ገና አረንጓዴ ነው።

ሙባሪክ፦ የእሷ አገር ደርሷል! እኛ አገር ደግሞ ዱባው ደርሷል። በቃ፣ ተቀራርበናል። አሁን ዝም ብለህ ላጥ። ዛሬ ቀልድ የለም፤ ዛሬ የሕይወቴ ቀን ነው።

ሸምሶ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) የእኔም።

ሙባሪክ፦ የአንተ ደግሞ ምኑ ነው?

ሸምሶ፦ ምንም። ዱባው ጠንካራ ነው ማለቴ ነው።

ሙባሪክ፦ ስማኝ። ሀጂ ሰማን መናኸሪያው አጠገብ ያለችውን ሱቃቸውን ለሰው ሊሰጡ ነው። ከተማው ሁሉ ዓይኑን ጥሎባታል። ሌላው ሰው በምላሱ ይለምናቸዋል፤ እኔ ግን በሆዳቸው በኩል ነው የምገባው። ዛሬ የዱባ ፓስታዬን በልተው፣ ጣታቸውን ልሰው፣ «ልጄ፣ እንካ ቁልፉን» ይሉኛል። በሩ ላይ በትልቁ «ሙባሪክ ፓስታ» ብዬ አጽፋለሁ። ካላሉኝ ግን አለቀልኝ። ሰኞ ጠዋት መርካቶ፣ አጎቴ ሱቅ፣ ካርቶን ስሸከም ታገኘኛለህ።

ሸምሶ፦ ሰኞ አልችልም። ሥራ ገቢ ነኝ።

ሙባሪክ፦ ምኑን ነው የማትችለው?

ሸምሶ፦ መርካቶ መጥቼ አንተን ማግኘት።

ሙባሪክ፦ አቦ ላጥ! እባክህ ዝም ብለህ ላጥ!

ሸምሶ፦ እየላጥኩ ነው። ሙቤ፣ ግን ሀጂን እራት ጥራልኝ ብለህ ልከኸኝ አልነበር? በዚያው አንድ ነገር ልነግርህ—

ሙባሪክ፦ ከላጥክ በኋላ።

ሸምሶ፦ አጭር ናት።

ሙባሪክ፦ ከላጥክ፣ ከቆረጥክ፣ ከቀቀልክ በኋላ! የጥፍር ያህል እያደረግህ ቁረጠው።

ሸምሶ፦ የማን ጥፍር?

ሙባሪክ፦ የሰው ነዋ!

ሸምሶ፦ (እጁን ያያል፤ ቀጥሎ እግሩን ያያል) የእጅ ወይስ የእግር?

ሙባሪክ፦ ሸምሶ!

ሸምሶ፦ እሺ፣ የእጅ። ሳሌሃ ብትኖር እሷ አሳምራ ትቆርጠው ነበር።

ሙባሪክ፦ አታንሳብኝ! እህት ተብዬዋን! ዓመት ሙሉ ከወጥ ቤት የማትጠፋ ልጅ፣ ዛሬ ስፈልጋት ምን አለችኝ? «ሂና ተቀብቻለሁ፣ ዱባ አልነካም።» ብላኝ ጎረቤት ፈቲሀ ቤት ሄደች። አዲስ ቀሚስ ለብሳ! ኩል ተኳኩላ!

ሸምሶ፦ (ቢላዋው ከእጁ ይወድቃል) የቱን ቀሚስ? አረንጓዴውን?

ሙባሪክ፦ እኔ በምን አውቃለሁ! አንተስ ምን አገባህ? ደግሞ ይሄ ሸሚዝ ምንድነው? በነጭ ሸሚዝ ዱባ ይላጣል?

ሸምሶ፦ እንግዳ ይመጣል ብለኸኝ ነው።

ሙባሪክ፦ እንግዳው የኔ ነው! አንተን ማን ሊያይህ ነው? ያንተ ሥራ ትሪ መሸከም ነው።

(ዱባው ተቀቅሏል። መብራት ስለጠፋ ሸምሶ በሙቀጫ ይወቅጠዋል። በየምቱ ቢጫ ነገር ሸሚዙ ላይ ይፈናጠራል።)

ሙባሪክ፦ በርታ! አሁን ወሳኙ ቦታ ላይ ደረስን። ሴትዮዋ አንድ ነገር ልትጨምር ነው። ልትጨምር ነው። ልትጨ... ቆመች።

ሸምሶ፦ ለምን ቆመች?

ሙባሪክ፦ ኔትወርክ ነው። ክቧ ምልክት ብቻ እየዞረች ነው።

ሸምሶ፦ እጇ ላይ ያለው ምንድነው?

ሙባሪክ፦ ነጭ ነገር ነው።

ሸምሶ፦ ዱቄት ይሆን?

ሙባሪክ፦ ዱቄት ብሎ ነገር! እኔ ገና ሳላየው አውቄዋለሁ። ወተት ነው። ወተት ጨምር። እርጎም ካለ ጨምር። ነጭ የሆነ ነገር ሁሉ ጨምር፤ አንዱ አይቀርም።

ሸምሶ፦ ጨውም ነጭ ነው።

ሙባሪክ፦ እሱንም!

(ሸምሶ ጨው ይጨምራል። ሙባሪክ ዞር ብሎ እሱም ይጨምራል። አይተያዩም።)

ሙባሪክ፦ አሁን የፓስታው ፈተና። አንድ ዘለላ አውጣና ግድግዳው ላይ ወርውራት። ከተጣበቀች በስሏል ማለት ነው።

ሸምሶ፦ እህል ልወርውር?

ሙባሪክ፦ አንዲት ናት እኮ!

ሸምሶ፦ አንዲትም ብትሆን እህል ናት። ሀራም ነው።

ሙባሪክ፦ ሴትዮዋ ወረወረች አይደል?

ሸምሶ፦ ሴትዮዋ ርቧት አያውቅም። በጥርሴ ልየው?

ሙባሪክ፦ በጥርስማ ማንም ያውቃል! ይሄ ሳይንስ ነው። ወርውር!

(ሸምሶ አንዲት ፓስታ ያወጣል። «ቢስሚላህ» ብሎ ግድግዳው ድረስ ይሄድና በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ ይለጥፋታል።)

ሸምሶ፦ ተጣበቀች።

ሙባሪክ፦ አንተ ነህ እኮ የለጠፍካት!

ሸምሶ፦ ብወረውራት ትሰበራለች። ፓስታ አይሰበርም ብለኸኛል።

(ከውጭ የሰዎች ድምፅ ይሰማል፦ «አሰላሙ አለይኩም! ቤቶች!»)

ሙባሪክ፦ መጡ! ሀጂ መጡ! ሂድ ሳሎን አስገባቸው! ቆይ፣ ቆይ። ድምፁ የስንት ሰው ነው?

ሸምሶ፦ (በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ) የሦስት።

ሙባሪክ፦ ሦስት? እኔ አንድ ሀጂ ነው ጥራ ያልኩህ!

ሸምሶ፦ እሱን ነበር እኮ ልነግርህ የፈለግኩት።

ሙባሪክ፦ እነማን ናቸው?

ሸምሶ፦ ሀጂ ሰማን፣ ሼህ ሳላሀዲን፣ ቲቸር ታምሩ።

ሙባሪክ፦ ሦስት... ሦስት... (ድንገት ይዘላል፤ ባርኔጣው ጣሪያ ይነካል) ዳኞች ናቸው! ሸምሶ፣ ዳኞች ናቸው! በቴሌቪዥን አላየህም? የምግብ ውድድር ሁሌ ሦስት ዳኛ አለው! ሀጂ የሱቋ ባለቤት ናቸው። ሼህ ሳላሀዲን ሀላልነቱን ሊያረጋግጡ። ቲቸር ታምሩ ሒሳብ አይደል ያስተማሩን? ነጥብ ሊደምሩ ነው የመጡት!

ሸምሶ፦ ሙቤ፣ ሦስት ሽማግሌ ሆነው ሰው ቤት ሲመጡ እኮ—

ሙባሪክ፦ ቲቸር ታምሩ በነጥብ ቀልድ አያውቁም። ስምንተኛ ክፍል ትዝ ይልሃል? ለእኔ ሁለት ከሃያ።

ሸምሶ፦ ለእኔ አሥራ ስምንት።

ሙባሪክ፦ ከእኔ ኮርጀህ ነዋ!

ሸምሶ፦ (ያሰላል፤ ይተዋል) ይሆናል።

ሙባሪክ፦ ሂድ አስቀምጣቸው!

(ሸምሶ ይወጣል። ወዲያው ይመለሳል።)

ሸምሶ፦ አንቀመጥም አሉ።

ሙባሪክ፦ ምን?

ሸምሶ፦ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ሶፋውን አሳየኋቸው፤ «ምን ቸገረን፣ መጀመሪያ ሙባሪክን ጥራልን» አሉ።

ሙባሪክ፦ (እጁን ያፋትጋል) አየህ? እውነተኛ ዳኛ አይቀመጥም። እየተዘዋወረ ነው የሚቀምሰው። እኔ ግን አልወጣም።

ሸምሶ፦ ለምን?

ሙባሪክ፦ ሼፍ ቀድሞ አይታይም። መጀመሪያ ሳህኑ ይገባል። ይበላሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ «ይሄን የሠራው ማነው?» ይባላል። ያኔ እወጣለሁ፤ ጎንበስ እላለሁ፤ ይጨበጨባል። ሥርዓቱ ይሄ ነው።

ሸምሶ፦ የእነሱ ሥርዓት ግን ሌላ ነው መሰለኝ።

ሙባሪክ፦ ሥርዓት ለእኔ ታስተምረኛለህ? እንካ ትሪውን። አናቱ ላይ በሶብላ አድርጌበታለሁ፤ እንዳይወድቅ። ስትገባ ፈገግ በል።

(ሸምሶ ትሪውን ይዞ ይወጣል። ሙባሪክ ጆሮውን በሩ ላይ ይለጥፋል። ሸምሶ ከነትሪው ይመለሳል።)

ሙባሪክ፦ ለምን መለስከው?

ሸምሶ፦ አልበሉም።

ሙባሪክ፦ ምንም?

ሸምሶ፦ ሼህ ሳላሀዲን «ማሻአላህ» አሉ። ሀጂ በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ቲቸር ታምሩ ሰዓታቸውን አዩ።

ሙባሪክ፦ ሰዓት ተይዞብኛል! ሀጂ ሲገፉት ምን አሉ?

ሸምሶ፦ «የዚህ ጊዜው በኋላ ነው» አሉ።

ሙባሪክ፦ ሽታው አልሳባቸውም ማለት ነው። የራሴ ጥፋት ነው! በጉራጌ አገር ቅቤ የሌለው ነገር ለሽማግሌ ይቀርባል? አምጣ የክትፎውን ቅቤ!

ሸምሶ፦ ሳሌሃ ያስቀመጠችውን? «ለእንግዳ ቀን ነው፣ ማንም እንዳይነካው» ብላለች እኮ።

ሙባሪክ፦ ዛሬ የእንግዳ ቀን ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?

ሸምሶ፦ (ትንሽ ፈገግ ብሎ) እሱስ ልክ ነህ።

(ሙባሪክ የቅቤውን ዕቃ ገልብጦ ቂጡን ይመታል። ፓስታው ይዋኛል። ሸምሶ ይዞት ገብቶ ይመለሳል።)

ሙባሪክ፦ እሺ?

ሸምሶ፦ የኮረሪማው ሽታ ሲመጣ ሼህ ሳላሀዲን ምራቃቸውን ዋጡ።

ሙባሪክ፦ አላልኩህም! በሉ?

ሸምሶ፦ አልበሉም። ሀጂ «መልስ ሳንይዝ እህል አንቀምስም» አሉ።

ሙባሪክ፦ መልስ? (ይደነግጣል) መልስ ካለ ጥያቄ አለ። የቃል ፈተና ነው! ይሄ የቲቸር ታምሩ ሥራ ነው፤ ሰውዬው ጡረታ ወጥተውም ፈተና አልተዉም! ምን ሊጠይቁኝ ይችላሉ? ስለ ዱባ ነው። ገባኝ። ሂድና «ቫይታሚን ኤ» በላቸው።

ሸምሶ፦ እንዲሁ?

ሙባሪክ፦ እንዲሁ። ቀድመን እንመልስላቸው፤ ጉብዝናችንን ይወቁ።

(ሸምሶ ይወጣል። ይመለሳል።)

ሸምሶ፦ ነገርኳቸው።

ሙባሪክ፦ ምን አሉ?

ሸምሶ፦ እርስ በርስ ተያዩ። ቲቸር ታምሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጁን አሞታል እንዴ?» አሉኝ።

ሙባሪክ፦ አንተ ምን አልክ?

ሸምሶ፦ «አይ፣ ያው ነው» አልኳቸው።

ሙባሪክ፦ ጥሩ መልሰሃል። ስለዚህ ጥያቄው ሌላ ነው። አስብ፣ ሙባሪክ፣ አስብ። ሀጂ ምንድናቸው? የበርበሬ ወፍጮ ባለቤት! በርበሬ የሌለበት ነገር አቅርበንላቸው እንዴት ይብሉ? ስድብ ነው እኮ! የት አለ በርበሬው?

ሸምሶ፦ ያ ከቆሼ ከተማ የመጣው በርበሬ ነው ያለው። እሱን ግን ተጠንቀቅ፤ ትናንት እኔ ነኝ የፈጨሁት። ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ያለው ፍየል ሳይቀር አስነጥሷል።

ሙባሪክ፦ እሱ ነው የምፈልገው! (አንድ ጭልፋ፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሦስት ጭልፋ ይጨምራል) አጥሺ! አየህ ቀለሙን? አጥሺ! አሁን ገና ምግብ መሰለ። ትንሽ በዛ እንዴ?

ሸምሶ፦ (እያስነጠሰ) እንጃ።

ሙባሪክ፦ ስኳር ያበርደዋል። (ስኳር ይጨምራል) አሁን ደግሞ እንዳይጣፍጥ ጨው።

ሸምሶ፦ ጨውማ ቅድም ጨምሬያለሁ።

ሙባሪክ፦ መቼ? እኔም ጨምሬያለሁ! ሎሚ ጭመቅበት! ሎሚ ጨው ይቆርጣል። አይብ አለ? አይቡንም ድፋው፤ በርበሬውን ያለዝበዋል። ያ ጎመን የምንድነው?

ሸምሶ፦ የትናንት።

ሙባሪክ፦ ግባበት! አረንጓዴ ነገር ለዓይን ጥሩ ነው።

ሸምሶ፦ ሙቤ፣ ጭልፋው ለብቻው ቆመ።

ሙባሪክ፦ ምን ማለትህ ነው?

ሸምሶ፦ ለቅቄዋለሁ። አይወድቅም።

ሙባሪክ፦ ጥንካሬ ይባላል! ውሰድ!

(ሸምሶ ትሪውን ከፊቱ አርቆ፣ አንገቱን አዙሮ ይወጣል። ከሳሎን የሦስት ሰው ማስነጠስ ይሰማል። ሸምሶ ላብ በላብ ሆኖ ይመለሳል።)

ሙባሪክ፦ በሉ?

ሸምሶ፦ ከትሪው ሸሹ። አሁን በሩ ጋ ነው የቆሙት። ሼህ ሳላሀዲን ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሙባሪክ፦ በደስታ?

ሸምሶ፦ አይመስለኝም። ሙቤ፣ ሊሄዱ ነው። ሀጂ ጫማቸውን አደረጉ። «ልጁ ሊያነጋግረን ካልፈለገ ንቆናል ማለት ነው፤ ሁለተኛ እዚህ ደጅ አንደርስም» አሉ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ውጣና አናግራቸው።

ሙባሪክ፦ ሳይበሉ? ሼም ነው!

ሸምሶ፦ አንተ ሳትወጣ አይበሉም!

ሙባሪክ፦ እነሱ ሳይበሉ አልወጣም!

ሸምሶ፦ አይበሉም!

ሙባሪክ፦ አልወጣም!

(ሁለቱም ያለከልካሉ። ሙባሪክ ጥግ ላይ የተረፈ አንድ ዱባ ላይ ዘፍ ብሎ ይቀመጣል።)

ሙባሪክ፦ ሱቋ ልታመልጠኝ ነው። መርካቶ ልገባ ነው፣ ሸምሶ። እኔ እኮ ይሄን ከተማ እወደዋለሁ። ምንድነው ግን የሚፈልጉት? ምን ባደርግ ነው የሚበሉልኝ?

ሸምሶ፦ እሺ እንድትላቸው ነው የሚፈልጉት። የመጡበትን ነገር እሺ ካልካቸው ይቀመጣሉ፤ ይበላሉም።

ሙባሪክ፦ (ብድግ ይላል) ይሄው ነው? አቦ፣ ቀድመህ አትናገርም? የሱቋን ቅድመ ሁኔታ ይዘው ነው የመጡት ማለት ነው! «በሩ ላይ የእኔን ስም ጻፍ» ሊሉኝ ነው፤ እሺ! «አርብ ለጁምዓ ዝጋ» ሊሉኝ ነው፤ እሺ!

ሸምሶ፦ ሙቤ፣ ሳትሰማ እሺ አትበል። መጀመሪያ ልንገርህ። እኔ እንዲህ አድርጌ አልፈልግም፣ ወላሂ—

ሙባሪክ፦ አንተ ማን ነህ የማትፈልገው? እኔ የማላውቀው ነገር አለ እንዴ? ዞር በል!

(በሩን በስንጥቅ ይከፍታል። ባርኔጣው እንዳይታይ ጎንበስ ብሎ በአፉ ብቻ ይጮኻል።)

ሙባሪክ፦ አባቶቼ! እንዳትሄዱ! የመጣችሁበትን ሁሉ እሺ ብያለሁ! ሰጥቻለሁ! በሙሉ ልቤ! በደስታ! ወላሂ!

(ከሳሎን «አሚን! አሚን! አልሀምዱሊላህ!»። ቀጥሎ ከጎረቤት፣ ከፈቲሀ ቤት፣ እልልታው ይቀልጣል።)

ሙባሪክ፦ (በሩን ዘግቶ እየዘለለ) ሰማህ? እልል ተባለልኝ! ሱቅ ለተሰጠው ሰው እልል ሲባል በታሪክ የመጀመሪያው ነኝ! ከተማው ለካ ይወደኛል! ፈቲሀ ቤት ድረስ እንዴት ሰሙ ግን? ሸምሶ? ምን ሆነህ ነው መሬት ላይ የተቀመጥከው?

ሸምሶ፦ እግሬ እምቢ አለኝ።

ሙባሪክ፦ ለእኔ ደስ ብሎህ ነው?

ሸምሶ፦ ሙቤ፣ አሁን የሰጠኸው ሳሌሃን ነው።

ሙባሪክ፦ ሳሌሃን ለማን?

ሸምሶ፦ ለእኔ።

(ባርኔጣው ቀስ ብሎ ዓይኑ ላይ ይወርዳል። አያነሳውም።)

ሙባሪክ፦ (ከባርኔጣው ሥር) ዳኞቹስ?

ሸምሶ፦ ሽማግሌዎቼ ናቸው። ሽማግሌ ደግሞ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ አይበላም። አባትና እናታችሁ ካለፉ ጀምሮ የእሷ ኃላፊ አንተ ነህ፤ አንተን ነበር ሲጠብቁ የቆዩት።

ሙባሪክ፦ ይሄን እኮ የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቀዋል!

ሸምሶ፦ እኔም ታውቃለህ ብዬ ነበር።

ሙባሪክ፦ ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ?

ሸምሶ፦ ሐምሌ ላይ ልነግርህ መጣሁ፤ የቲማቲም ስጎ አስተማርከኝ። ነሐሴ ላይ መጣሁ፤ ስለ እንጉዳይ ነገርከኝ። መስከረም ላይ ግን ጨክኜ «እህትህን እወዳታለሁ» አልኩህ።

ሙባሪክ፦ እኔ ምን አልኩ?

ሸምሶ፦ «ሽንኩርቱ ሲቀላ ንገረኝ» አልከኝ። ስለቀላ ነገርኩህ።

(ሙባሪክ ባርኔጣውን ያወልቃል። ሸምሶ አጠገብ መሬት ላይ ይቀመጣል።)

ሙባሪክ፦ አባታችን ሲሞት ስምንት ዓመቷ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን የምጎነጉንላት እኔ ነበርኩ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። እንደዚያው ትምህርት ቤት ትሄድልኝ ነበር። ትወድሃለች?

ሸምሶ፦ መሰለኝ። ስታየኝ ትስቃለች።

ሙባሪክ፦ ሁሉም ሰው ሲያይህ ይስቃል።

ሸምሶ፦ እሷ ግን ከሄድኩ በኋላም ትስቃለች አሉ።

ሙባሪክ፦ (ዓይኑን በእጁ ይጠርጋል፤ እጁ በርበሬ አለበት) ኡፍ! ዓይኔ! ደስ ብሎኛል፣ አንተ ደነዝ። ወላሂ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ከአንተ የተሻለ ሰው አላገኝላትም ነበር። ውሃ አቀብለኝ። ቆይ... ቆይ፣ ሱቋስ?

ሸምሶ፦ የቷ ሱቅ?

ሙባሪክ፦ የቷ ይለኛል እንዴ! ሀጂ ለማን ሰጧት?

ሸምሶ፦ እሷንማ ጠዋት ነግረውኛል። «ሰባት ዓመት ወፍጮዬን ያለ ነቀፋ ይዘህልኛል፤ ወንድምየው እሺ ካለ ሱቋ የሙሽሮቹ ትሁን» አሉ።

ሙባሪክ፦ ወንድምየው ማለት እኔ።

ሸምሶ፦ አዎ።

ሙባሪክ፦ ስለዚህ ሱቄን ላንተ ያሰጠሁት እኔው ራሴ ነኝ?

ሸምሶ፦ በሙሉ ልብህ። በደስታ። ወላሂ ብለህ።

(ሙባሪክ ባርኔጣውን መሬት ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ተነስቶ ሸምሶን በሁለት እጁ ያነሳዋል። ከሸሚዙ ላይ የዱባ ፍርፋሪ እያራገፈ ኮሌታውን ያስተካክልለታል።)

ሙባሪክ፦ አማቼ! ሸምሶዬ! ምን ልትሠሩባት አሰባችሁ?

ሸምሶ፦ ምግብ ቤት። ሳሌሃ ናት ያሰበችው።

ሙባሪክ፦ ጎሽ እህቴ! ታዲያ ምግብ ቤት ያለ ሼፍ ይሆናል? እስቲ ሂድና ሀጂን ጠይቅልኝ። «ሙባሪክ እኛ ጋ ሼፍ ይሁን» በል። ከአንተ አፍ ሲሆን ይሰሙሃል፤ አንተ እኮ አንደበተ ርቱዕ ነህ!

ሸምሶ፦ እኔ?

ሙባሪክ፦ ድሮም እልህ ነበር! ሂድልኝ!

(ሸምሶ ይወጣል። ሙባሪክ ባርኔጣውን መልሶ ይደፋል፤ ያቃናል፤ ያወልቃል። ሸምሶ ይመለሳል።)

ሙባሪክ፦ እሺ አሉ?

ሸምሶ፦ እሺ አሉ። ሳሌሃም መጥታለች። «ወንድሜ መርካቶ አይሄድብኝም፣ እኛ ጋ ይሠራል» አለች። አረንጓዴውን ነው የለበሰችው።

ሙባሪክ፦ አልሀምዱሊላህ! አላለቀልኝም ማለት ነው!

ሸምሶ፦ ሀጂ ግን አንድ ነገር አሉ።

ሙባሪክ፦ የፈለጉትን ይበሉ! ሁሉንም እሺ ብያ— (አፉን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ከዚያ በቀስታ) ምን አሉ?

ሸምሶ፦ «ሰው ከመመገቡ በፊት የሠራውን ራሱ በልቶ ያሳየን። መጥቶ መሀላችን ይቀመጥና ያን ትሪ እስከ ታች ይጨርስ፤ ዛሬውኑ ሼፍ ነው» አሉ። ተቀምጠው እየጠበቁህ ነው። ቲቸር ታምሩም ሰዓት ይዘዋል።

(ሙባሪክ ወደ ድስቱ ይሄዳል። ክዳኑን ያነሳል። ጭልፋው አሁንም ቆሟል። ለረጅም ጊዜ ያየዋል። ያስነጥሳል። ክዳኑን ቀስ ብሎ ይመልሳል።)

ሙባሪክ፦ ሸምሶ።

ሸምሶ፦ አቤት።

ሙባሪክ፦ ሳህን አጣቢስ አትፈልጉም?